አየር የገባበት ሃርድ ዲስክ

በየሰፈሩ የማይበላሽ ዕቃ ይጠፋ ይሆናል እንጂ የብልሽቱን ምክንያት የሚናገር ሰው አይጠፋም። ለመርሳ ከተማ የደረሷት ሊቀ ጠበብት ጋሽ አንዳርጋቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ትራክተር ነድተው ጡረታ ስለወጡ፣ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ ለእሳቸው መንስኤው አንድ ነው። "አየር ገብቶበታል!" ይላሉ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲጠፋ አየር ገብቶበታል። ቧንቧው ሲቆም አየር ገብቶበታል፤ በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም። የጎረቤታቸው የማሩ ሚስት ስታኮርፍም ያው አየር ነበር።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያላት ሀስና ይህን ትምህርት በየጠዋቱ ትከታተላለች። ሊቀ ጠበብቱ ይገባሉ፣ ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ከኮምፒውተሯ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ፣ ከዚያ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ይመረምራሉ።

አንድ ቀን ግን ጨዋታ አልነበረም። ወንድሟ ሙጃሂድ ከሰዓት በኋላ ተሳፍሮ ወደ ሳዑዲ መንገድ ሊጀምር ነው። የለመናት አንድ ነገር ብቻ፣ አምና ወደ አኼራ የሄዱት አባታቸው ሸህ ጀብሪል መንዙማ ሲሉ የተቀረጸውን ቪዲዮ ነው። ያለው በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። መገልበጥ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ጊዜ እንደ መቀነስ ይጨምር ጀመር።

"ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚንፏቀቀው?" አለች። ሀስና የነገርን ሥር ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም። ገመድ ቀየረች፤ ያው ነው። የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋች፤ ያው ነው። ሃርድ ዲስኩን ጆሮዋ አጠገብ ብታደርገው ጠቅ ጠቅ ይልና ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። አቅም ያነሰው መሰላት።

"ንፊበት፣ አየር ነው" አሉ ጋሽ አንዳርጋቸው። ነፋችበት። "በጀርባው አስተኚው።" በጀርባው አስተኛችው። "እንግዲህ ትንሽ ይረፍ።"

"ኧረ አንቱ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!" አለ በር ላይ የሚጠብቃት ሙጃሂድ።

የሀስና ዓይን ማከፋፈያው ላይ አረፈ። የኮምፒውተሩ ሌሎች መሰኪያዎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩም ቻርጅ ሊደረግ የመጣው የሰፈሩ ስልክም ሁሉ እንደ ግልገል ከዚያችው አንድ ጡት ላይ ተደርድረዋል። ምክንያቱ ገባት። ግን የጎረቤትን ስልክ መንቀል እንግዳን ከማዕድ ከማስነሳት በምን ይለያል? የመጀመሪያው ደግሞ የጋሽ አንዳርጋቸው ነው።

"ጋሼ... ኤሌክትሪኩ ለብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ቢሆንስ?" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሊቀ ጠበብቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አየርን ሳይጠሩ ማከፋፈያውን ጎንበስ ብለው አዩት። ሙጃሂድ ሻንጣውን አነሳ። "በቃ፣ የአባባን ድምፅ ሳልይዝ ልሄድ ነው" አለ።

ጋሽ አንዳርጋቸው ተነሱና ስልካቸውን ነቀሉ። "የሚስበው የኔው ነው" አሉ። ቀጥለው የሌላውንም ሁሉ ነቃቀሉ። "ባለቤቶቹ ከጠየቁሽ አንዳርጋቸው ነው በያቸው።"

ቪዲዮው ወዲያው ተገልብጦ አለቀ። ለማረጋገጥ ሲከፍቱት የሸህ ጀብሪል ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ሙጃሂድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ወላሂ አልረሳልዎትም" ብሏቸው ወጣ።

በማግስቱ ጋሽ አንዳርጋቸው አልመጡም። ከዚያም አልመጡም። ሀስና ብትደውል ስልካቸው ዝግ ነው። የቤታቸው መብራት ቆጣሪ ከተቃጠለ መክረሙን የነገራት ጎረቤታቸው ነው። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ምክር ምን እንደነበር ተረዳች፤ ሰውየው ስልክ ቻርጅ ለማድረግ በባዶ እጃቸው መምጣት አፍረው እንደ ስጦታ ይዘውት የሚመጡት ነበር። ያለዚያ ወሬ ፎቶ ቤቱ ጭር ብሎባታል፤ ናፍቀዋታል።

ተነስታ ቤታቸው ሄደች። "ጋሼ፣ የፎቶ ማተሚያው እምቢ አለኝ። ጥገናው ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም፣ ስልክዎንም ይያዙ።"

"ምን ሆነ ደሞ?" አሉ፣ ጫማቸውን በጥድፊያ እየፈለጉ።

ሀስና የማተሚያውን ገመድ ራሷ ነቅላ እንደመጣች እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።