ባንዲራ ያዡ ሙሴ አንሴልም

የፈረንሳይ መንደር ዳቦ ጋጋሪ ሊያጣ ይችላል። የተሸነፍንበትን ጦርነት ሁሉ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ መልሶ የሚያሸንፍ ሽማግሌ ግን አያጣም። የኛው ክቡር ሙሴ አንሴልም ናቸው። ማርሻል ብላቸው ደስ ይላቸዋል፤ በውትድርና ዘመናቸው ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ድንች ሲልጡ ነው የኖሩት።

ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሎ ጦርነት የሚዋጉት በስኳር ነው። እንክብሉ ስኳር እግረኛ ጦር፣ የሰናፍጩ ብልቃጥ ናፖሊዮን። ረዳት ጦር የሆነው የጨው ዕቃ ፈጥኖ ደርሶ ቢሆን፣ አለቀ፣ ድሉ የኛ ነበር። እኔ ቡና ያለ ስኳር የለመድኩት በሳቸው ምክንያት ነው። ጦር መሃል እጅ መስደድ አሳፈረኝ።

"አልተሸነፍንም፤ ጠላት ቀድሞ ደረሰ እንጂ" ይላሉ።

የወፍጮ ቤቱን ፍርስራሽ የገዛው እንግሊዛዊ፣ ክላይቭ፣ አይለቃቸውም። አንድ ቀን፣ ፈረንሳዮች ሲወለዱም እጅ ለመስጠት እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው አሉ፣ አላቸው።

"እጃችንን የምናነሳው ስናወራ ነው፣ ልጄ። እናንተማ የምታወሩት ስለሌላችሁ ኪሳችሁ ከታችሁት ቀራችሁ።"

ምሳ ሲደርስ ጦርነቱ ይቆማል። በምሳ ሰዓት የሚዋጋ ጨዋ ሰው የለም።

እንግዲህ እኚህ ሰው በየኅዳሩ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ቀን ሲከበር፣ ለመንደሩ ሟቾች ከቆመው ሐውልት ስር ባንዲራ ይይዛሉ። ከንቲባዋ ማዳም ሶላንዥ የሟቾቹን ስም ትጠራለች፤ እኛ በየስሙ "ለፈረንሳይ ሞተ" እንላለን። ለጸሎት ዝምታው ባንዲራው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀና ሲል መዝሙሩ ይጀምራል። ዝቅ ማድረጉን ይችሉበታል። ቀና ማድረጉ ላይ ግን ክንዳቸው ከዳቸው። አምና መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ገና መሬት መሬት ያይ ነበር። ማዳም ሶላንዥ ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ባንዲራውን ለአስተማሪው እንደምትሰጥ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስኳሩን አልነኩም። ቡናዬ ጣፈጠ፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም።

መዝሙሩን የሚያጫውተውን ማሽን የምነካው እኔ፣ ፊርሜን፣ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል የሰጡኝ ሥራ ነው።

የዘንድሮው በዓል ደረሰ፤ ስሙ ተጠርቶ የጸሎት ዝምታው አበቃ። ሙሴ አንሴልም እንጨቱን ጨበጡ፤ ባንዲራው ትንሽ ተነሳና ተመለሰ። ማዳም ሶላንዥ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የማሽኑን ገመድ አየሁ። ጉሮሮዋን ጠረገች። ማሽኑን ገለበጥኩት። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፣ ከኋላዬ አንዱ "ይሄ ሰውዬ ቁልፍ እንኳ መጫን አይችልም" አለ። ጆሮዬ ጋለ። ባንዲራው እያዘገመ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከትከሻቸው በላይ ወጣ። ቀጥ ሲል ቁልፉን ተጫንኩት።

በኋላ ቡና ቤት ሁሉም እየጠጣ በኔ ሳቀ። ማዳም ሶላንዥ ለከርሞም ባንዲራው በሙሴ አንሴልም እጅ እንደሚቆይ፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች።

ሙሴ አንሴልም ስኳራቸውን መደርደር አቁመው ቀና አሉ።

"አይሆንም፣ ማዳም። ፊርሜን ከማሽን ጋር አይግባባ ይሆናል፤ ቢሆንም የኛ ነው። ፈረንሳይ ሰውዋን ሜዳ ላይ ጥላ ሄዳ አታውቅም።"

ክላይቭ፣ ናፖሊዮን ጦሩን ግብፅ ላይ ትቶ በመርከብ መሄዱን ሊያነሳ አፉን ከፈተ። በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጥኩት።