የሰንደቁ ፈቺ

ጨርቅ ባየ ቁጥር ፍቺ የሚያወጣ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ከአንኮበር በታች ባለው መንደራችን አያ ወልዴ የሚባል አለ። የመንደራችን ሰንደቅ በረጅም ሽመል ላይ የታሰሩ ሦስት ቅዳጅ ጨርቆች ናቸው። አያ ወልዴ አረንጓዴውን ምድራችን፣ ቢጫውን ተስፋችን፣ ቀዩን የአባቶቻችን ደም እያለ ይፈታል። ዝናብ ያወየበው ጠርዝ እንኳ ፍቺ አለው፤ ቁራ ቢያርፍበት ቁራውንም ይፈታዋል። ታዲያ ማን ይከራከረዋል? እኔም ግጥም ስለምሞክር አፌን ከፍቼ እሰማው ነበር።

በልማዳችን ሰንደቅ ያዡ በዘመቻ ሲወድቅ ልጁ ወይም ወንድሙ ይተካዋል። የእመት ጥሩነሽ ባል በዚህ ሰንደቅ ሥር ወደቁ፤ የተካቸው የበኩር ልጃቸውም ወደቀ። ዘንድሮ የክተት ነጋሪት ሲጎሰም፣ የቀራቸው አንድ ልጅ ተክሌ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሽመሉን አነሣ።

«ደስ ይበልዎ እመት!» አለ አያ ወልዴ። «ቀዩ የቤትዎ ደም ነው።»

«የእኔ ቤት ደም ከሆነማ ይበቃዋል» አሉ እመት ጥሩነሽ። «ያንተ ቤት የትኛው ቀለም ነው፣ አያ ወልዴ?»

አያ ወልዴ ሦስቱንም ጨርቆች ተራ በተራ አያቸው። ፍቺ አልመጣለትም። እጁን ዘረጋና ሽመሉን ከተክሌ ተቀበለ።

ዘማቹ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊት እሱ ነበር። «አያ ወልዴ፣ ቀዩ ምን ነበር ያልከን?» ብሎ የተጣራ ቀልደኛ አልጠፋም። እሱ ግን ነፋሱ ሽመሉን ሲታገለው በሁለት እጁ ጨብጦ ወረደ።

እመት ጥሩነሽ ወደ ሰንደቁ አላዩም። የተክሌን ክንድ አጥብቀው ይዘው ነበር።