ክብርት ወይዘሮ ለምን

ትክክለኛ መልስ የማያስደስታት የሒሳብ መምህርት የሌለችበት ትምህርት ቤት የለም። ተማሪ ሲሳሳት ፊቷ ይፈታል፤ መልሱን ሲያገኝ ግን መነጽሯን ከፍ አድርጋ የሰረቀው ነገር ያለ ይመስል ታየዋለች።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ለምን ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የምታስታውሰው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ናት። ከመምህራን ኮሌጅ ለማስተማር ልምምድ እርሳቸው ክፍል ስመደብ፣ ለምን መምህር መሆን እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። "ሒሳብ ስለምወድ" አልኩ አፌን ሞልቼ። "እሺ፤ ለምን?" አሉ። መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ይህች "እሺ፤ ለምን?" የማትደርስበት የለም። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲያዛውሩ ይጠየቃሉ፤ ጥበቃው በሩን በጊዜ ሲዘጋ ይጠየቃል። አናጢው ባለቤታቸው፣ "እኔ 'እሺ' ያለችኝን ብቻ ሰምቼ ነው ያገባኋት፤ ሌላው በኋላ መጣ" ይላሉ። እኔም ብሆን፣ አሉታዊ ቁጥር በአሉታዊ ሲባዛ አዎንታዊ እንደሚሆን ኮሌጅ ውስጥ አንድ ገጽ ሙሉ አረጋግጬ ተጨብጭቦልኛል። እርሳቸው "በልጅ አፍ ንገረኝ" ሲሉኝ ግን ላቤ ጠብ አለ።

ባለፈው ዓመት ጉሮሯቸው ታመመ። ሐኪሙ ድምፃቸውን እንዳያወጡ፣ ያለዚያ ጨርሶ እንደሚጠፋ ነገራቸው። ምን ብለው እንደመለሱለት መናገር አያስፈልገኝም። ክፍሉ ተረካቢ ፈለገ፤ ልምምዴን ካለፍኩ እኔ ልረከብ፣ ከወደቅሁ ልጆቹ ለስፖርት አስተማሪው ሊሰጡ ተወሰነ። ደግ ሰው ነው፤ ክፍልፋይ ግን ያስፈራዋል።

በፈተናዬ ቀን የኮሌጁ ገምጋሚ የትምህርት እቅዴን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። አጠገቡ እርሳቸው፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅሁ። እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሳች።

"አንድ ሦስተኛ" አለች።

ገምጋሚው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እቅዱ "ጎበዝ" ብዬ እንዳልፍ ይላል። በልማድ ወደ ኋላ አየሁ፤ ክብርትነታቸው አፋቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል።

"እሺ፤ ለምን?" አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

"ሦስተኛ የወጣ አራተኛ ከወጣ ይበልጣላ። እኔ አራተኛ ወጥቼ አባዬ ተቆጥቶኛል።"

"እንግዲያው ሁለት አራተኛስ?"

"ሁለት ልጆች እኩል አራተኛ ወጡ ማለት ነዋ" አለች ጎረቤቷ፤ ክፍሉ በሙሉ ተስማማ።

በቋንቋችን የደረጃውም የክፍልፋዩም ስም አንድ ነው፤ ለካ እኔ "ሦስተኛ" እያልኩ ዳቦ ስቆርስ፣ እነርሱ የክፍል ደረጃ ሲያወጡ ከርመዋል። እቅዱን ትቼ እኩል ወረቀቶች አደልኩና አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት አሳጥፌ አስቀደድኳቸው። ዝምተኛዋ ልጅ ከሁለቱም አንዳንድ ቁራጭ ደራርባ የተረፈውን በጣቷ ለካች።

"ለብዙ ሰው ሲካፈል ድርሻው ያንሳል" አለች በመጨረሻ። ደወሉ ተደወለ።

"ልጅቷ ገና ከጅምሩ በትክክል መልሳ ነበር" አለኝ ገምጋሚው። "አንተ ግን ሰዓቱን በአንድ ጥያቄ ጨረስከው። እቅዱን ያልጨረሰ ሰው እንዴት አሳልፋለሁ?" ከዚያ ለይሉኝታ ያህል ወደ እርሳቸው ዞረ። እርሳቸው ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ላይ "ይለፍ" ብለው ጻፉ።

"ለምን?" አላቸው፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያስበው።

ሻርፓቸውን ላላ አደረጉ። የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር፣ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብን።

"ትክክል መልሳ ስትሳሳት ሰምቷታልና።"

አለፍኩ። የእርሳቸው ድምፅ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ከዚያ ቀን ንግግር ጋር አይገናኝም ይላል፤ እኔ አላምነውም፣ ያንገበግበኛል።

አሁን ክፍሉ የእኔ ነው። ስጠይቅ ተማሪዎቼ ያቃስታሉ፤ በሌለሁበት "ልጅ ለምን" እንደሚሉኝም ደርሼበታለሁ። ክብርትነታቸው ቤት ሄጄ ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ።

"በጣም እወድዎታለሁ፣ ቲቸር" አልኳቸው ስወጣ።

ከንፈራቸው "እሺ" አለ። ሌላውን ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።