በሳሙና እጅ የተነሳ ፎቶ

ያኔ ፎቶ ማለት ስቱዲዮ ነበር። አዲሱ ገበያ ካለው ፎቶ ቤት ትገባላችሁ፤ ባለቤቱ ከግድግዳው ላይ ኮትና ክራቫት አውርዶ ያለብሳችኋል፤ አገጫችሁን ቀና ያደርጋል፤ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ፤ አለቀ። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ቅጠል የተጫነች አህያ ፎቶ ትነሳለች ብትሉ ሰው ይስቅባችኋል። በደርግ ጊዜ ደግሞ አይስቅም፤ ይጠረጥራችኋል። ሰው በገዛ ቤቱ ሬዲዮ ቀንሶ በሚሰማበት ዘመን ካሜራ አንጠልጥሎ ሰፈር መዞር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጤና አይደለም።

እኔን ግን አመል ሆነብኝ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ጉለሌ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ውሃ የሚያሳልፍ የድንጋይ ቦይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ እዚያ ነው፤ ልብሱም ሐሜቱም አብሮ ይታጠባል። እኔም አነሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ እማማ ጥሩወርቅ አዩኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እናት ናቸው። ልጃቸው ሽጉጡን ታጥቆ ሲመጣ መንገዱ ጭር ይላል፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሰፈሩ ሴት ጋር ያጥባሉ። ስቱዲዮ እንሂድ ሲባሉ «እንደ ሬሳ ተገትሬ አልነሳም» እያሉ ፎቶ የሚባል ተነስተው አያውቁም። ያን ቀን ግን በሳሙና የተለወሰ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከት ብለው ሳቁና «በል አንሳኝ» አሉኝ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

በተጫንኩበት ቅጽበት ከጀርባቸው ማንን አየሁ መሰላችሁ? ተፈራን። የወይዘሮ አስካለ ልጅ፣ መምህሩ፣ ቀበሌው ቤት ለቤት የሚያድነው። እናቱ «የት እንደገባ አላውቅም» ብላ አልቅሳ ሰፈሩን አሳምናለች። እሱ ግን እዚያው ቦዩ ጥግ ባለው ጓሮዋ ውስጥ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ፊቱ ወለል ብሎ እየታየ፣ ፀሐይ ይሞቃል።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ፊልሙን ላሳጥበው ብል ፎቶ ቤቱ ተፈራን ያያል፤ ላበላሸው ብል ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሳሳሁ። ካሜራውን ከነፊልሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት።

በሳምንቱ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጠባቂ በሬን አንኳኳ። «ጓድ ሊቀመንበር ካሜራህን ከነፊልሙ ይዘህ ና ብለዋል፤ አሁኑኑ።» ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እኔ ምን አውቄ አለኝ። ኮት ልልበስ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ካሜራውን ከፈትኩ፤ ፊልሙን ሙልጭ አድርጌ መዝዤ፣ ምስሉ እንዲቃጠል ለመስኮቱ ብርሃን ሰጠሁት። መልሼ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ብቻውን ነበር። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እናቴ በድንገት ታማ ዛሬ ሆስፒታል አረፈች» አለኝ። «አንተ እንዳነሳሃት ነግራኝ ነበር። ፎቶ ቤቱን አስከፍቻለሁ፤ ለለቅሶው ይድረስልኝ።»

የሟች ፎቶ ተይዞ ካልተዞረ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ግን ነፍስ ይማር ማለት እንኳ ጠፋኝ።

«ፊልሙን ብርሃን መትቶታል» አልኩ።

«መቼ?»

«አሁን።» ምን እንዳናገረኝ እንጃ።

«ምን ነበረበት?»

«እማማ ናቸው፤ ልብስ ሲያጥቡ።»

«ሌላስ?»

«አህያ።»

አየኝ፣ አየኝ። በሆዴ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። «እኔ እኮ የጠራሁህ እንደ ጎረቤት ነው» አለና በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። እንደ ጎረቤት ለመጥራት ባለጠመንጃ ይልካል። የዘመኑ ጉርብትና እንዲህ ነበር።

በማግስቱ በለቅሶው፣ በፎቶ ፋንታ ቀሚሳቸው ከፍ ተደርጎ ተዞረ። ከሁሉ አብልጣ ደረቷን የምትመታው ወይዘሮ አስካለ ነበረች፤ የልቧን የምታለቅስበት ሰበብ አገኘች። ሊቀመንበሩ ከሰዉ መሐል ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሊያሳስረኝ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ስታነሳት ምን ትመስል ነበር?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይስቁ ነበር፤ ከት ብለው።»

ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ ዳበሰ። «ይህን ሽጉጥ ከታጠቅሁ ወዲህ እኔ ፊት ስቃ አታውቅም» አለ።

እኔም ፊልሙን ያበላሸሁት ያንኑ ሽጉጥ ፈርቼ ነው ልለው ቃጣኝ። ሰው አጠገባችን ስለነበር ግን ያኔ የጠፋኝን «ነፍስ ይማር» ብቻ አልኩት።