ትናንት ላይ የቀረ ስክሪን

[ጃፓን ውስጥ፣ ማትሱዌ ከተማ አጠገብ ያለ አሮጌ ፍልውሃ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሊከፈት ሲል። ሁለት በር አለ፤ አንዱ ወደ ድንጋዩ ገንዳ፣ አንዱ ወደ እንጨቱ ገንዳ። ወንዶችና ሴቶች በየቀኑ ገንዳ ይለዋወጣሉ። የማን ተራ እንደሆነ የሚናገረው ጨርቅ ዛሬ ወርዶ ስክሪን ተሰቅሏል። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ቶሚዬ አንድ ሰው በር ከተሳሳተ ስክሪናችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ብለው ሻይ ሊያፈሉ ገብተዋል። ስክሪኑን የሰቀለው ድርጅት አዲስ ተቀጣሪ ሚዙሆ ጨርቁን ታቅፋለች። አለቃዋ ኢናባ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሏል።]

ሚዙሆ፦ ጨርቁም ቢሰቀል ምን ይጎዳል አልኩ እንጂ ስክሪኑን አልሰደብኩም፣ አቶ ኢናባ።

ኢናባ፦ ጨርቅ ከሰቀልሽበትማ ሰደብሽው።

ሚዙሆ፦ ይቅርታ። ግን ስክሪኑ እንዴት እንዲህ ፈጥኖ ተነሳ? ድሮ እስኪነሳ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይጨርስ ነበር።

ኢናባ፦ ድሮ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ከሀ ጀምሮ ይሰናዳ ነበር። ትናንት አንዴ አሰናዳሁትና ሜሞሪውን እንዳለ ፎቶ አነሳሁት። ከእንግዲህ አይሰናዳም፤ ከፎቶው ይነቃል።

ሚዙሆ፦ ቀኑን ከየት ያውቃል?

ኢናባ፦ «ዛሬ» የምትባል የጋራ ተለዋዋጭ አለች። ቢሮ በር ላይ የት እንደሄድን የምንጽፍበት ሰሌዳ የለም? እንደዚያ ናት። ኮዱ ሁሉ እሷን ያያል።

ሚዙሆ፦ መቼ ይጻፍባታል?

ኢናባ፦ ሲሰናዳ።

ሚዙሆ፦ ከፎቶው በፊት?

ኢናባ፦ ሳይለብስ ፎቶ የሚነሳ አለ እንዴ?

ሚዙሆ፦ [አስባ] እርስዎ ሰሌዳው ላይ «ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ» ብለው በጻፉ ቀን ቢሮው ፎቶ ቢነሳ...

ኢናባ፦ በየቀኑ ጥርስ ሐኪም ጋ ነኛ።

ሚዙሆ፦ ያሳዝናል።

ኢናባ፦ ሰሌዳ ሌላ፣ ሜሞሪ ሌላ። ጭንቅላትሽ እንደ ድሮው ፕሮግራም ነው፤ እስኪነሳ ሻይ ያስጠጣል። ስክሪኑ ምን ይላል?

ሚዙሆ፦ ድንጋዩ የወንዶች። ትናንትም...

ኢናባ፦ በቃ። ራሴ ገብቼ አሳይሻለሁ።

[በድንጋዩ ገንዳ በር ገባ። ትናንትም የወንዶች ነበር ልትል ነበር፤ ግን ሰው ካቋረጣት የመቀጠል ልማድ የላትም። የሰፈሩ አሮጊቶች ሳሙናቸውን ይዘው መጡ። ስክሪኑን ቀና ብለውም አላዩት፤ ትናንት እንጨቱ ውስጥ ስለነበሩ እግራቸው በራሱ ወደ ድንጋዩ ወሰዳቸው። ሚዙሆ ልታስቆማቸው ጎንበስ አለች። እነሱም ለሰላምታዋ ጎንበስ ብለው አለፉ።]

ኢናባ፦ [ከግድግዳው በላይ ባለው ክፍተት፣ በሹክሹክታ] ሚዙሆ። ልብስ ማውለቂያው ውስጥ ሴቶች ያወራሉ። በር ተሳስተዋልና አስወጫቸው።

ሚዙሆ፦ እነሱ አልተሳሳቱም። ስክሪኑ ነው ትናንት ላይ የቀረው።

[ውሃ ይንጠባጠባል።]

ኢናባ፦ ...ጥርስ ሐኪሙ።

ሚዙሆ፦ አዎ። ግን አይጨነቁ፣ አስተካክዬዋለሁ። ፕሮግራሙ ከፎቶው ከነቃ በኋላ ቀኑ እንዲጻፍ አደረግኩት። እውነትዎን ነው፣ በቅጽበት ይነሳል። አሁን ድንጋዩ የሴቶች ይላል። ወይዘሮ ቶሚዬም አይተው ደስ አላቸው። በር የተሳሳተ ሰው አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኳቸው። እዚሁ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ እየቀዱ ነው።

ኢናባ፦ ሚዙሆ።

ሚዙሆ፦ አቤት።

ኢናባ፦ እኔ እስክወጣ መልሰሽ አበላሺው።