የሲስተር ዘርፌ ዝምተኛ ሞተር

ትናንት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲወጣ፣ ሲስተር ዘርፌ ሕልም አየች። ሕልም የሚታየው ሌሊት ነው የምትሉ ልክ ናችሁ። እሷ ግን የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ስትጠብቅ አድራ የምትተኛው ቀን ነው። መተኛት ከተባለ። አንደኛ ፎቅ ካለው መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር የኮንዶሚኒየሙ የውኃ ሞተር ተተክሏል። ውኃ ወደ ላይ በገፋ ቁጥር መስታወቱ ይንጫጫል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ የዘርፌ ጥርስ ሳይቀር ይነዝራታል።

ይህን ሞተር የመረጠው ኮሚቴው ነው። አመራረጡን ልንገራችሁና ፍረዱ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ምንውየለት አባላቱን አስከትለው መርካቶ ወረዱ፣ ባለሱቁን ሞተሮቹን ተራ በተራ አስነሳልን አሉት፣ ከሁሉም አብልጦ የጮኸውን "ጎበዝ፣ ሞተር ማለት ይሄ ነው" ብለው አሸክመው መጡ። ዘርፌ አስቀድማ በነዋሪዎች ስብሰባ ለምናቸው ነበር። "ሆስፒታል እኛ ክፍል ከሕፃናቱ ራስጌ የሚሠራ ሞተር አለ፤ አንዱንም አይቀሰቅስም። እንደሱ ዙሩ ቀስ ያለ፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታው ደህና የሆነ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ የተነጠፈለት ምረጡ" ብላ።

ጋሽ ምንውየለት ሳቁ። "እና ድምፁ ካልተሰማ መሥራቱን በምን እናውቃለን፣ ሲስተር?" አሉ። ስብሰባው አጨበጨበላቸው። የሚመራን እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው እንግዲህ።

በቀደም ዘርፌ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ስትቀዳ ዓይኗ ጭልም አለባት። የሌላውን ሕፃን መጠን ቀድታ ልትሰጠው ስትል ጓደኛዋ እጇን ያዘቻት። ሕፃኑ ከአንድ ዳቦ የማይከብድ ነው። ዘርፌ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሌላ ቀን እጇን የሚይዝ ባይኖርስ? ይህንንም ለኮሚቴው ተናግራለች። "አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" አሏት።

ትናንትም ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ኮሚቴውን በየስሙ እየረገመች፣ እንደምንም እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟ መርካቶ ናት። የቆመችው ግን መደርደሪያ ላይ ነው። ግራ ቀኟ ሰው ተደርድሯል፤ የትራፊክ ፖሊስ አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ፣ ዳኛ አለ፣ ሁሉም አቧራ ጠግበዋል። ባለሱቁ ጥቁር የውኃ ሮቶ ነው፤ መነጽር አድርጎ ክዳኑ ሥር ስቴኪኒ ሰክቷል። ገዢዎቹ ሞተሮች ናቸው። አንዲት ወፍራም ሞተር ትንሽ ሞተር አዝላ ገባች።

"ዝምተኛ ሰው አለህ?"

"ለምን ሥራ?"

"ለቤት ነው። ልጄ እንቅልፍ አጣ። ሰው ከላይ ያወራል፣ ከታች ያወራል። ስብሰባ ከጀመሩማ አያድርስ ነው።"

"የዘንድሮ ሰው ጥራቱ ወርዷል" አለ ሮቶው፣ ውስጡ ያለው ውኃ እየተንቦጫረቀ። ከዘርፌ ጎን የተቀመጡትን ጋሽ ምንውየለትን ከነከረባታቸው አወረደና ሆዳቸውን ጫን አለ።

"የተከበራችሁ ነዋሪዎች" ብለው ጀመሩ። ሱቁ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሹ ሞተር አለቀሰ። እናቱ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ አዳመጠች።

"ኩሽኔታው ተበልቷል። ይጮኻል እንጂ ምንም አይገፋም።"

"እውነቷን ነው" አለች ዘርፌ ከመደርደሪያዋ።

"ይቺኛዋስ?"

"ነርስ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ራስጌ ሠርታ አትቀሰቅስም። ስብሰባ ላይ ብቻ ትጮኻለች።"

"ለምን?"

"ስለማይሰሟት።"

"እሱስ እኛም አንሰማትም" አለች ሞተሯ ደስ ብሏት። ወደ ዘርፌ ጠጋ ብላም፣ "ከገዛሁሽ ጥጥ ውስጥ ነው የማስተኛሽ" አለቻት።

ዘርፌ ነደዳት። ግን ጥጥ ውስጥ መተኛት ማለት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ለእንቅልፏ ስትል ምላሷን ነክሳ ዝም አለች።

ወዲያው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሆኑ። ውኃው በገዛ እግሩ ደረጃውን ይወጣል፣ ሲያልፍ "ጤና ይስጥልኝ" ይላል። መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ያው ራሱ፣ መስኮቷ ሥር የሚያጓራው ሞተር፣ አናቱን እንደ ፀጉር ቅባት ግራሶ ተቀብቶ።

"ይህች ሰው ትገዛ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አለ። እጅ ስለሌላቸው ማንም አላወጣም። "በሙሉ ድምፅ አልፏል።"

"ዝም አይነቅዝም" አሉ ሞተሮቹ በአንድ ላይ። እንዴት እንደጮኹ አትጠይቁኝ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሞተር ሳል ሳል እያለው ተነሣ። "ክቡር ሊቀመንበር፣ ድምፅ ከሌላት መሥራቷን በምን እናውቃለን?"

አዳራሹ እጅ ባይኖረውም አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ አሰበ፣ ጋለ፣ ትንሽ ጨሰ። "ከእግሯ ሥር ጎማ ይነጠፍ። አፏ ይታሰር። ከዚያ በፒንሳ ትቆንጠጥ። እንባዋ ከመጣ እየሠራች ነው።"

ፒንሳ የተገጠመላቸው ሁለት ሞተሮች መጡ። ዘርፌ ወደ ወፍራሟ ሞተር ብትዞር፣ የታዘለው ሞተር አልነበረም። ያ ዳቦ የማያህለው ሕፃን ነው። ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል፣ አይተኛም፣ አያለቅስም። ያኔ ጥጡም እንቅልፉም ገደል ይግባ አለች።

"መሥራቴን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሕፃኑን እዩት" ብላ ጮኸች። "ከተነፈሰ ሠርቻለሁ። ሞተርም ቢሆን ቧንቧ ከፍቶ ማየት ነው። ውኃ ከመጣ ሠርቷል። ይህን ለማወቅ ሰው መግደል አለባችሁ?"

ሞተሮቹ ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

"ቧንቧ መክፈት" አለ ሊቀመንበሩ፣ "በአጀንዳ አልተያዘም።"

ፒንሳው ክንዷን ቆነጠጣትና ነቃች።

ጸጥታ ነው። ዘርፌ መጀመሪያ ጆሮዋ የደነቆረ መሰላት። ውኃው ግድግዳው ውስጥ ባለው ቧንቧ ሽው እያለ ሲወጣ ይሰማታል፤ ሞተሩ ግን የለም። መስታወቱም አይንጫጫም። ጎኗን አዙራ እንደገና ልትተኛ ስትል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ምንውየለት ናቸው፣ ከነከረባታቸው።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሲስተር። ተኝተሽ ሳለ ቀየርነው። ዙሩ ቀስ ያለ፣ ከሥሩ ጎማ የተነጠፈለት። ልክ አንቺ እንዳልሽው።"

የዘርፌ እንባ መጣ። ያን ያህል ስትረግማቸው መክረሟ አሳፈራት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ምንውየለት" አለች። "ምን እንዳደረጉልኝ አያውቁትም። ዛሬ ማታ የመድኃኒት መጠን አልሳሳትም።"

"ምን ችግር አለ፣ ለነዋሪው ነው የቆምነው" አሉና ከረባታቸውን አስተካከሉ። "አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮን ነበር። ድምፅ የለውም። ሰው መሥራቱን በምን ይወቅ? ኮሚቴው መክሮበት ደወል ገጠመለት። ከትምህርት ቤት የተነቀለ ትልቅ የኤሌክትሪክ ደወል ነው። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ሳያቋርጥ ይደውላል፤ እላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል።"

ዘርፌ በሩን ይዛ ቆመች። "የት ነው የገጠማችሁት?"

"አንቺ መስኮት ሥር ነዋ። ቀን ቀን ቤት ስለምትውዪ፣ ደወሉ ሲቋረጥ ብቅ ብለሽ ትነግሪናለሽ። ኃላፊነቱ ላንቺ ይሰጥ ተብሎ በሙሉ ድምፅ አልፏል።"

ከታች አንድ ሰው "ሽቦው ይቀጠል?" ብሎ ተጣራ።

"ቀጥለው" አሉ ጋሽ ምንውየለት።

ደወሉ ጮኸ። መስታወቱ ተንጫጫ። ጋሽ ምንውየለት ፈገግ ብለው አንድ ነገር እየተናገሩ ነበር፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት አይሰማም። ዘርፌ ወጥ ቤት ገብታ ዘነዘናውን አነሣች፣ በጎናቸው አልፋ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች።