ጋሼ ረዲ ሳያንኳኩ አያምኑም

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈራችን «ኦርጂናል ነው» ብሎ የሚምል ሺህ ነጋዴ አለ። «አይደለም» የሚል ግን አንድ ብቻ ነው፤ ክቡር ጋሼ ረዲ፣ የመኪና መለዋወጫ ሻጭና ማንም ያልሾማቸው ጠቅላይ ዳኛ። እንዲህ ያለ ሰው የሚያጣ ሰፈር የለም፤ የኛው ግን ባሰ።

ጋሼ ረዲ ዓይናቸውን አያምኑም። በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። የጎረቤታችን የሀፍሷ ሰርግ ላይ ለሙሽሮቹ የመጣውን ቴሌቪዥን አንኳኩተው «ሳጥኑ የጃፓን ነው፣ ሆዱን እንጃ» ብለዋል። ሙሽራው እስከ ዛሬ አያናግራቸውም።

እኔ ግን አልፈራኋቸውም። አባቴ ትቶልኝ የሞተውን ቮልስ ሁለት ዓመት ሙሉ አሳድሼ፣ ለሚሊኒየሙ በተሰናዳ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ በኦርጂናልነት ለመወዳደር አስመዘገብኩ። የፈለግሁት አንድ ወረቀት ነበር፤ አባቴ ሠላሳ ዓመት የነዳት መኪና እንዳለች መኖሯን የሚመሰክር።

ዳኞቹ መጽሐፍ እያገላበጡ ዞሯት፤ ወደዷት። ሊፈርሙ ሲሉ ጋሼ ረዲ ገመዱን አልፈው ገቡና ከፊት ግራው ጎማ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ አንኳኩ።

«ይሄ የሷ አይደለም» አሉ።

ፊቴ ነደደ። ሰው ሁሉ እየሰማ «በአባቴ መኪና ምን አገባዎት?» አልኳቸው። ዳኞቹ ሲጠይቁኝ ግን መዋሸት አቃተኝ፤ የድሮው ስለተጨረመተ ጥዬው ከሌላ ቮልስ የተፈታ ነበር ያስገጠምኩት። ወረቀቱ በዚሁ ቀረ።

በሳምንቱ ጋሼ ረዲ ሱቃቸው አስጠሩኝ። ልጣላቸው ሄድኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት አወጡ። የጣልኩት ፓራፋንጎ ነበር። ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት መሀል አይተው፣ ገዝተው አስቀምጠውት ኖሯል።

«ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ስንጋጭ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር» አሉኝ ስለ አባቴ ሲያወጉኝ። «ጋሪ የሚገፋውን ሰውዬ ላለመግጨት ነው ግንቡን የገጨው። አስቀጥቅጠው ብዬ ብለምነው፣ ወላሂ፣ ‹ምስክር ወረቀቴ እሱ ነው› ብሎ እምቢ አለኝ።»

እዚያው ሱቅ በራፍ ላይ አለቀስኩ። እሳቸው ሌላ ሌላ ዕቃ ያንኳኩ ጀመር።

በዓመቱ ትርኢቱ ሲደገም የድሮውን ፓራፋንጎ መልሼ ገጥሜ፣ ቮልሷን ከነጭርምቷ ይዤ ቀረብኩ። ዳኞቹ ገጽታዋ ተበላሽቷል ብለው ሰረዟት። እኔም ንቅንቅ አልልም ብዬ፣ ከትርኢቱ በር ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር አቁሜያት ዋልኩ። ጋሼ ረዲ አጠገቤ ተቀምጠው የቮልሷን ሬዲዮ እያንኳኩ፣ ይሄም ኦርጂናል አይደለም እያሉ ሲነዘንዙኝ ዋሉ።

ልክ ናቸው፤ አይደለም። ግን አልቀይረውም። እድሜ ይስጣቸው እንጂ፣ የሚያንኳኩት ነገር እንዲያጡ አልፈልግም።